የአባዬ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሳጥን

የቻናሉ ቤተሰቦች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። እዚሁ ቤታችን፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ውሸታም የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምዋሸው?

ሌሊት ደግሞ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች፤ ደጅ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ይወዛወዛል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ምን ያስፈራዋል?

እኔ ግን ፈራሁ...

ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባቴ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ቤዝ ያቺ ወፍራሟ፣ ከዘፈኑ ሥር ሆና ዱም ዱም የምትለው ናት። ሰው ለዘፋኙ ያጨበጭባል፤ ቤዙን ልብ የሚለው የለም። አባዬ አይከፋውም ነበር። «እኔ የቤት መሠረት ነኝ፤ ሰው የሚያየኝ ቤቱ ሲፈርስ ነው» እያለ ይስቃል።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይለማመዳል፣ እሷ ትሰፋለች። ሊጀምር ሲል የጊታሩን እንጨት በጣቱ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል።

ዱ-ዱ።

እሷም ቀና ሳትል በቀለበቷ የመኪናውን ብረት ትመታለች።

ቲን።

«አለሽ?» «አለሁ» መባባላቸው ነው። እኔ መሃላቸው ምንጣፉ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግሁት።

አባዬ በድንገት ሞተ።

እማዬ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነችም። መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነቻት። እህል አልቀምስ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ባለቅስባት... «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ነው መልሷ። ምኑን እንደጠገበች እግዜር ይወቀው። ቀሚሷ በላይዋ እየሰፋ፣ ዓይኔ እያየ አለቀችብኝ። አንዱን ቀብሬ ሳልጨርስ ሁለተኛዋን ልቀብር ነው ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን አባዬ ከጓደኞቹ ጋር የቀረጸውን ዘፈን ፍላሽ ላይ አገኘሁና ከፈትኩላት። ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ቴፓችን ትንንሽ ስፒከሮች ነው። ዘፋኙ ይሰማል፣ ኪቦርዱ ይሰማል...

እማዬ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች።

«አባትሽ እዚህ ውስጥ የለም» አለችኝ።

«አለ እኮ እማዬ።»

«የለም። አጥፊው።»

አጠፋሁት።

ሰፈራችን ቮልት የምንለው የቴፕና የስፒከር ጠጋኝ አለ። ስሙ በሥራው የወጣለት እንዳይመስላችሁ፤ ወሬ ከጀመረ እንደ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ስለማይለቅ ነው። ሄጄ ነገርኩት።

«ስፒከሮችሽ ትንንሽ ናቸው» አለኝ። «ወፍራሙን ድምፅ የማውጣት አቅም የላቸውም። አባትሽ ጠፍቶ አይደለም እኮ፤ የሚወጣበት በር አጥቶ ነው። ሰብዉፈር የሚሉትን የቤዝ ሳጥን ጨምሪበት።»

የሚወጣበት በር...

ያን ቀን ቃሉ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

በማግስቱ ጥቁር ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ገመዱን እየቀጠለ አወራ፣ እያወራ ቀጠለ። «ይሄ የሚያወጣው ወፍራሙን ብቻ ነው። ቀጭን ድምፅ ሞተሽ ብትነሺ ከዚህ አይወጣም። የሰው ንግግር እንኳን አይወጣም። ቀጭኑ የትንንሾቹ ሥራ ነው።»

ይህን ነገር ያዙልኝ።

«ዋናው የሚቀመጥበት ቦታ ነው» አለ ቀጥሎ። «ቤዝ አንዱ ጋ ይሞላል፣ አንዱ ጋ ይጠፋል። ቦታውን የምናገኘው እንዲህ ነው፦ ሳጥኑን ሰው ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ወንበር ላይ እናወጣዋለን፣ እኔ በግድግዳው ዙሪያ እድሃለሁ። የሞላበት ጋ ስደርስ... ሳጥኑ እዚያ ይገባል።»

ኧረ ቆይ ሳልለው አንስቶ የአባዬ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ከሞተ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው። ክው አልኩ። እማዬን አየኋት። ዓይኗን ሳጥኑ ላይ ተክላለች።

ዘፈኑ ተከፈተ። ቮልት በእጅና በጉልበቱ፣ ቂጡን ሰቅሎ በግድግዳው ሥር ይድሃል። በሩ ጋ ቆም አለና ራሱን ነቀነቀ። ቁምሳጥኑ ጋ ደግሞ ነቀነቀ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ።

የተሸፈነችው የስፌት መኪና ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ፓ! እዚህ ጋ ነው! እዚህ ጋ ሙሉ ነው!»

የእማዬ ጥግ መሆኑን ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም።

እማዬ ተነሳች። ሄዳ ከጎኑ ቁጢጥ አለች። እኔም ተከተልኳት... ሰማሁት።

እዚያው ዘፈን ነው፤ ግን እግር አወጣ። ያ በስልክ የሚያወራ ይመስል የነበረ ዘፋኝ ደረት አበቀለ። ከበሮው ሆዴን መታኝ። ከሁሉም ሥር አባዬ፣ በዚያ በማይቸኩል አካሄዱ፣ ቀስ እያለ ይመጣል።

«መጣ» አለች እማዬ በሹክሹክታ።

ተቃቅፈን አለቀስን። ቮልት ምስኪኑ እንደተንበረከከ አብሮን አለቀሰ። ከዚያ እማዬ ዓይኗን ጠራርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ራበኝ።»

ሳህኑን ጠርጋ በላች። በሞቴ፣ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ቮልት ሳጥኑን ወደ ጥጉ ሊወስድ ብድግ ሲያደርገው ግን ጮኸችበት።

«አትንካው!»

«እትዬ፣ ወንበሩ ላይ ያደረግኩት እኮ ለመፈለጊያ ነው እንጂ...»

«አትንካው አልኩህ። ጥጉ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሳጥኑ የአባዬ ወንበር ላይ ቀረ።

እማዬ ነፍስ ዘራች። መኪናዋን ገለጠች። «የነተበ ልብስ ለብሰሽ ፋርማሲ ሥራሽ ላይ ስትቆሚ ያሳፍራል» ብላ ቀሚስ ጀመረችልኝ። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስገባ ዘፈኑ ተከፍቶ፣ እሷ እየሰፋች ነው የማገኛት።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ...

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ቤዙ ትንሽ የሚቀጥል መሰለኝ። ጆሮዬ ነው አልኩ።

ሌላ ቀን ቴፑ ሳይከፈት ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል። መኪና አልፎ ነው አልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ...

ዱ-ዱ።

ዘፈኑ ውስጥ ይህ የለም። እማዬ ቀና ሳትል በቀለበቷ ብረቱን መታች።

ቲን።

ቮልትን ጠራሁት። ፈታታው፣ ገጣጠመው፣ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቆየ። «ደህና ነው» ብሎኝ ወጣ። ሌላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቮልት! ወሬ ሳያወራ! የዚያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ሳታየኝ የሳጥኑን ሶኬት ነቀልኩና ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት... ቴፑ ዝም ብሏል። የሳጥኑ መብራት ጠፍቷል። የእግሬ መዳፍ ግን ይሰማዋል።

ወለሉ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ይመታል።

እማዬ ጥጓ ላይ ሆና ትስቃለች።

«እማዬ... ሶኬቱ ተነቅሏል» አልኳት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀስ በይ። አትረብሺው።»

«ምን... ምን ይፈልጋል?»

መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር። «ነይ ይለኛል» አለች፣ ነይ ምሳ ብይ የተባለች ይመስል። «ቆይ አልኩት። የልጄን ቀሚስ ልጨርስ አልኩት።»



ምን ላድርግ? ንገሩኝ እስቲ። ሳጥኑን አውጥቼ ብጥለው ወደዚያ ወደ «ጠግቤያለሁ» ትመለሳለች። ብተወው...

ክሩን ደበቅኩት። አትሳቁብኝ። ሰማያዊውን ክር ከነጥቅሉ፣ ትርፉንም ጭምር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የቀረው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነበርና ክር ከሌለ ቀሚሱ አያልቅም። ቀሚሱ ካላለቀ...

«ክሬ የት ገባ?» ስትለኝ «እኔ እንጃ» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። እናት አይደለች? ገባት። ጉንጬን ዳበስ አድርጋ፣ «እናቴ፣ አንቺም ደክሞሻል እኮ» አለችኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ወለሉ ዝም ብሏል።

እማዬ ጥጓ ላይ ራሷን መኪናዋ ላይ አሳርፋለች። የተኛች ነበር የሚመስለው። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል።

ቀሚሱ ጭኗ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። አልቋል። ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ ጠርዙ ግን በቡና ዓይነት ክር ተሰፍቷል። ከየት አመጣችው ብዬ ዞር ስል...

የአባዬ ወንበር ልብስ ተተርትሯል። ክሩን ከዚያ መዝዛ ነው።

እኔን! እኔን አፈር ያድርገኝ! ያን ቀሚስ አቅፌ የጮህኩት ጩኸት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

ገላዋን ያጠቡት ሴቶች ቀለበቷን አውልቀው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

ቀብራ ተመልሳ ለቀስተኛው ሁሉ የተበተነባት ልጅ ቤቷ እንዴት እንደሚሰማት የደረሰበት ያውቀዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ እንደ ልማዷ ገብታ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች። ቀሚሱን ለብሼ፣ እንደ ልጅነቴ ከወንበሩና ከጥጉ መሃል ተቀመጥኩ።

ሳጥኑን ዛሬውኑ ቮልት ይውሰደው ብዬ ገመዱን ጠቀለልኩት። ሶኬቱ ቀኝ እጄ ላይ ነው። ቀለበቷ ግራ እጄ ውስጥ ነው።

ቤቱ ጭር ብሏል...

ከዚያ ከሥሬ ወለሉ መታኝ።

ዱ-ዱ።

ወደ ጥጉ አየሁ። ወንበሯ ባዶ ነው፣ መኪናዋ ዝም ብላለች። የሚመልስለት የለም። እንባዬ መጣ። «አባዬ፣ የለችም... አንተ ጋ አልመጣችም እንዴ?» አልኩት።

ያኔ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ሞቼ ብነሳ አይወጣበትም ከተባለው ሳጥን...

ቲን።