መብሩክ የሞተበት ጋጣ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ምዬ ነው የምጽፈው... ይኼ ነገር ሆኗል። በራሴ ላይ ነው የሆነው።

ሰኔ ውስጥ ነው፤ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ቦታው ኤል ኦቤይድ ከተማ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው የፈረስ ግልቢያ ክበብ።

ከመጨረሻው በኋላስ ምን ሆነ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

ስሜ ሙንዚር ነው። ትንሿ ልጄ ተሳቢሕ ሐሙስ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ ግልቢያ ትማራለች። እናቷ ያን ሰሞን እህቷን ልታርስ ኮስቲ ሄዳ ስለነበር ቤት የቀረነው እኔና ልጄ ብቻ ነበርን።

ክበቡ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሽር ጉድ ይላል። ታሪኩን አሰባስብ የተባልኩት እኔ ነኝ። ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ ፈረስ ነው... ከመብሩክ።

መብሩክ ክበቡን ያቋቋሙት የሙጫ ነጋዴ ፈረስ ነበር። አንድ ቀን ሀቡብ፣ ያ ቀኑን የሚያጨልመው የአቧራ ማዕበል፣ ሲመጣ ሰውየው መብሩክን ጋጣ አስገብተው ከውጭ ቀረቀሩበትና ወደ ቤታቸው ሮጡ። ማዕበሉ ለቀናት ቆየ።

ተመልሶ የከፈተለት ሰው አልነበረም።

እኛ ዘንድ ፈረስ ሲሞት ልጓሙ አብሮት ይቀበራል። ነጋዴው ግን አንጀታቸው አልቻለም፤ የመብሩክን ልጓም ደብቀው አስቀመጡት። እኔ ከስንት ዘመን በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ አገኘሁትና እንግዶች እንዲያዩት እዚያው ጋጣው ውስጥ ልሰቅለው ተነሳሁ።

ሽማግሌው ባልደራስ ዐም ኩኩ፣ አጎት ኩኩ እንደማለት፣ መዶሻ ይዤ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ሙንዚር ልጄ፣ ተው።»

«ምን አለበት ዐም ኩኩ?»

«ልጓም የተሰቀለበት ጋጣ ባዶ አይሆንም። አንዱ ካልገባ ሌላው አይወጣም።»

«እንግዲያው ማሽላ አዘጋጅለታ!»

«ሳቅ አንተ... በዚያ በሽተኛ ወገብህ አህያ እንኳ አትወጣም፤ ትቀልዳለህ።»

ተሳቢሕ ከጎኑ ቆማ አንዱን ፈረስ አፍጥጣ ታያለች።

«ባባ፣ ይኼኛው ተኝቷል እኮ!»

«ፈረስ ቆሞ ነው የሚተኛው፣ የኔ እመቤት» አላት ዐም ኩኩ። «አየሽ? አንድ እግሩን አንስቶ።»

ትቻቸው ወደ ጋጣው ገባሁ።

ምስማሩን መታሁ። ልጓሙን ሰቀልኩ። ወዲያው ብርሃኑ ቀላ... ከዚያ ጠቆረ።

ሀቡብ!

ልጄን ላነሳት ስዞር በሩ ተዘጋ።

ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ ግን መቀርቀሪያ አይቀረቅርም... ሲቀረቀር ሰማሁት። ቀስ ተደርጎ፣ እስከ ጥግ ድረስ።

«ዐም ኩኩ! እኔ ነኝ! እዚህ ነኝ!»



በሩን በእግሬ ደበደብኩት። አቧራው በስንጥቁ እየገባ ጉሮሮዬን ዘጋው። በጨለማው ውስጥ በሩን ስዳብስ ጣቴ ጫፉ ላይ ጎድጓዳ ነገር አገኘ።

የጥርስ ምልክት ነው።

ፈረሱ በሩን ግጦታል። የድሮ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስል... ስንጥሩ ጣቴን ወጋኝ። እንጨቱ እርጥብ ነበር።

ከኋላዬ ልጓሙ ተንቀሳቀሰ። ብረቱ ቅጭል አለ።

ቅጭል...

ፈረስ ልጓም ሲያኝክ የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። እሱ ነው። አልዞርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያስፈራኝ ልጄ በዚያ ማዕበል ውጭ መሆኗ ነው።

ያኔ ድምጿን ሰማሁ።

«ባባ! ባባ፣ የት ነህ?»

አፌን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት ግን አንድ ሰው መለሰላት።

«መጣሁ ልጄ... መጣሁ።»

ድምፁ የእኔ ነበር።

ከበሩ ማዶ።

ጮህኩ። በትከሻዬ፣ በክርኔ፣ በግንባሬ በሩን መታሁ። የልጄ ሳቅ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ... እኔም ተቆልፌ ቀረሁ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አቧራው ሲረግብ መቀርቀሪያው ተሳበና የዐም ኩኩ ፊት ብቅ አለ።

ሲያየኝ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ቢስሚላህ... አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ልጄስ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የወሰድካት?»

«እኔ?»

«ፊትህን በጥምጥም ሸፍነህ... ጀርባህ ላይ አዝለሃት ስትሮጥ አየሁህ። በዚያ ወገቡ እንዴት ሮጠ ብዬ ስቄ ነበር እኮ።»

«ስደበድብ አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ፈረስ የሚራገጥ መስሎኝ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ አለፈ። ዞርኩ።

ምስማሩ አለ። ልጓሙ የለም።

እስከ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ እኔም አላውቅም። የግቢው የብረት በር ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ። የሚከፍት የለም። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ አንገቱን አወጣ።

«ሙንዚር፣ አሁን ቤትህ ገብተህ አልነበር እንዴ? ደግሞ በየት ወጣህ?»

«መሰላል አምጣልኝ! ቶሎ!»

እሱ መሰላል ሊያመጣ ሲሮጥ ልጄ የምትጫወትበት አሮጌ ስልክ ትዝ አለኝ። ደወልኩ።

ጠራ... ጠራ... ተነሳ።

«ባባ...» በሹክሹክታ።

«ተሳቢሕ! የት ነሽ?»

«አልጋ ስር።»

«ማነው ቤት ያለው?»

«አንተ መስለኸኝ ነበር... ግን ፊቱን አይገልጥም።»

«የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ነይና በሩን ክፈቺልኝ።»

«አልችልም። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ነው ያለው።»

«ምን ያደርጋል?»

ከእሷ ትንፋሽ ኋላ ሌላ ትንፋሽ ይሰማኛል... ረጅም፣ ከባድ። አልፎ አልፎም ብረት ቅጭል ይላል።

«ተኝቷል፣ ባባ።»

«እና ነይ! በጎኑ እለፊ!»

«ቆሞ ነው የተኛው...»

ድምጿ ከመቅጠኑ የተነሳ ሊጠፋ ደረሰ።

«...አንድ እግሩን አንስቶ።»