ታንኳዋ በዶን ሩፊኖ ስልክ

«አራትን ተጫኚ! አራትን! ግንድ መጣብሽ!» ብለው ጮኹ ሊላጩ የተቀመጡት ሴኞር ኦብዱሊዮ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና አረፋ እንደለበሰ ነው።

ማሪሴል በጩኸት የሚመክር ሰው አትወድም፤ ቢሆንም በእጇ ባለው ስልክ ላይ አራትን ተጫነች። በፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ታንኳዋ ወደ ግራ ሸሸችና ግንዱ ለጥቂት ሳታት።

«ሁለተኛው ዙር አለቀ! ጎበዝ የሮሳሪዮዋ ማሪሴል!» አለ አቅራቢው በስልኩም በቴሌቪዥኑም። «ሦስተኛውን ካለፍሽ የጌም ማጫወቻው ያንቺ ነው። ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን፤ ስልኩን እንዳትዘጊ!»

ማሪሴል አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የቤታቸው ስልክ ቁጥሩ በጣት የሚዞር የድሮ ስልክ ሲሆን የቴሌቪዥኑ ጌም የሚታዘዘው ግን ቁጥሩ ለሚጫን ስልክ ብቻ ነው። መጀመሪያ ተራ የደረሳት ጊዜ ይህን መች አውቃ! አገር ምድሩ እያያት ቁጥሩን ስታዞር፣ ስታዞር ታንኳዋ ንቅንቅ ሳትል ሰጠመች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ «ካፒቴን» ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ ያልሳቀባት ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ዶን ሩፊኖ ብቻ ነበሩ። «የኔ ስልክ የሚጫኑት ነው፣ እኔ ጋ ነይ» አሏት። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ተራ እስኪደርሳት ወደ ጌሙ እንድትደውል ስልኩን ወደሷ ይገፉላታል። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረባትም።

ዛሬ ግን ዶን ሩፊኖ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ላይ መንቀል አቅቷቸዋል።

«ኧረ ሩፊኖ፣ ምላጭህን እያየህ፣ አንገቴን እንዳትቀላው!» አሉ ኦብዱሊዮ። «አማችህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አይደል እደውላለሁ ያለህ?»

«አፍህን ዝጋ፣ ኦብዱሊዮ!»

ማሪሴል ዞረች። «የምን ስልክ ነው?»

«ምንም አይደል ልጄ። አንቺ ጌምሽን ተጫወቺ።»

ኦብዱሊዮ ምላሳቸውን መቼ ይችሉታል! «ልጁ ግራሲዬላ እዚያ ሩቅ ኡሹዋያ ከተማ፣ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት። ባሏ የሚደውለው ከሆስፒታሉ የሕዝብ ስልክ፣ ያውም ተሰልፎ ነው። ዓምና የወለደችው ሞቶባታል፤ ይኸ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

«ዶን ሩፊኖ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ወር ሙሉ ለፍተሽበት? ነውር አይሆንብኝም?» አሉና አሁንም ሰዓቱን አዩ።

«ማሪሴል፣ አለሽልን? ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ነው!» አለ አቅራቢው።

ወንዙ ብቅ አለ። ነገ ክፍል ውስጥ የሚጠብቃትን ሳቅ ካሁኑ ሰማችው። ማጫወቻውንም ፈልጋዋለች፣ እንዴት አድርጋ! ግን እኚህ ሰውዬ ጭንቃቸውን ውጠው እሷን ሊያስደስቱ መቆማቸውን ስታይ፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሰጣት እግዜርን አመሰገነች።

«ይቅርታ፣ ይኸን ስልክ የሚጠብቅ ሰው አለ። አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋችው።

«ኧረ እመቤቴ!» ኦብዱሊዮ ራሳቸውን ያዙ። ታንኳዋ ነጂ አጥታ ከመጀመሪያው ግንድ ጋር ተላተመች።

ዶን ሩፊኖ ምላጩን አስቀምጠው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ አንሺልኝ፣ እኔ ፈራሁ።»

አነሳችው። አንድ ሰውዬ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፤ የደስታ ይሁን የሐዘን አላወቀችም። ወዲያው ከኋላው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህ ሕፃን ድምፅ ተሰማ። ማሪሴል ስልኩን ወደ ዶን ሩፊኖ ጆሮ አስጠጋችላቸው።

«ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው! ኦብዱሊዮ፣ ደህና ናቸው!» አሉ አረፋ በነካው እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ።

ስልኩ ሲዘጋ ኦብዱሊዮ ወደ ማሪሴል ጠጋ አሉ። «አሁኑኑ ደውዪላቸው! መስመሩ ተቆረጠብኝ ብትያቸው እኮ ተራሽን ይመልሱልሻል። ማን ያውቅብሻል?»

ማሪሴል ስልኩን አየችው። ከዚያ ወደ ዶን ሩፊኖ ዞረች። የምሥራቹን ሊያሰሙ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከኪሳቸው ሊያወጡ ይታገላሉ።

«ቁጥሩን ይጥሩልኝ ዶን ሩፊኖ» አለች። «እኔ እጫንልዎታለሁ።»