የወንጌላዊው አስተርጓሚ

«ትንሽ ትኩሳት ብቻ ነው በያት» አለ አባቷ። «ሌላውን ተይው።»

ላጊ ምንጣፉ አጠገብ ተንበርክካ ላቡን የጠረገችበትን ጨርቅ ትጨምቅ ነበር። ከታች ከወንዙ የሞተር ጀልባ ድምፅ እየቀረበ ነው። በየሦስት ወሩ የምትመጣዋ ነርስ ናት።

«ሽንትህስ?»

«ላጊ!»

«ጠቁሯል እኮ አባዬ። ትናንት የደፋሁት እኔ ነኝ። የከረመ ሻይ ነው የሚመስለው።»

«ከነገርሻት ዛሬውኑ ጭና ትወስደኛለች። ከወሰደችኝ ደግሞ አልመለስም። የታመመ ወንጌላዊ ማን መልሶ ይልካል?» ጥርሱ ስለተንገጫገጨ ቃላቱ ተቆራረጡ። «እዚህ ደስ ብሎኛል። ይሄን ብቻ እወቂልኝ።»

ከሳሞአ ወደዚህ የፓፑዋ መንደር ሲመጡ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ሆኗታል። እናቷ በመጀመሪያው ዓመት ወባው ስለጠናባት ታናሽ ወንድሟን ይዛ ተመለሰች። ላጊ የቀረችው ቋንቋውን ስለቻለች ነው። ከጓደኛዋ ከኢፓ ጋር እየዋኘች፣ እየተሰዳደበች፣ በስድስት ወር አቀላጠፈችው። አባቷ ኤሊሳራ ግን በአገሩ ሰብኮ ሰው የሚያስለቅሰው ሰውዬ፣ እዚህ ምላሱ ተሳሰረ። አንድ እሑድ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ያለ መስሎት «ትንኝ ለእናንተ ይሁን» ብሎ አረፈው። ምእመናኑ ፈገግ ሳይሉ ባንድ ድምፅ «ለአንተም ይሁን!» ብለው መለሱለት። ላጊ ያን ዕለት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ ትርጉሙን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«እኔ ብሆን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» አለችው በንዴት።

«ታዲያ እንደ ሕፃን ልጅ እየተሳሳትኩ ካልሆነ በምን ልማር?»

ደስታው አይገባትም ነበር። እሷ የሚናፍቃት የእናቷ ድምፅና የድሮ ትምህርት ቤቷ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የገባት መስሏት ያውቃል። ባለፈው የዝናብ ወቅት የሽማግሌው የካይሪን የልጅ ልጅ ወንዙ ወሰዳት። ላጊም አሟት ተኝታ ስለነበር አባቷ ያለ አስተርጓሚ ሄደ። ሦስት ቀን ከካይሪ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ አብሮ አለቀሰ። ቃል ስላልነበረው የማይረባ ማጽናኛም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን ካይሪ የተቀደደ የዓሣ መረብ ይዘው ደጃቸው መጡና አንዱን ጫፍ አቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መረብ እየጠገኑ፣ አንዱ በሳሞአኛ፣ አንዱ በመንደሩ ቋንቋ፣ ሲያወሩ ይውላሉ። ምን እንደሚባባሉ ማንም አያውቅም። ሲስቁ ግን እኩል ነው የሚስቁት።

ሲስተር ጌዋ የቤቱን መሰላል ወጥታ ገባች። ካይሪም ከኋላዋ ተከትለው በሩ ሥር ተቀመጡ። ነርሷ የአባቷን ዐይን ገልጣ አየች፤ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች።

«ስንት ቀኑ ነው?» አለች በመንደሩ ቋንቋ።

ላጊ ወደ አባቷ ዞራ ጠየቀችው። «ሁለት በያት» አላት በሳሞአኛ።

ዘጠኝ ቀኑ ነበር። «ሁለት» አለች ላጊ።

«ምግብ ይበላል?»

«ይበላል።» ጠዋት የተፈጨ ሙዝ አቅምሳው ወዲያው ነበር ያስመለሰው።

«ሽንቱስ? መልኩ ተለውጧል?»

ላጊ የላብ መጥረጊያውን ጨርቅ ጠመዘዘች። አባቷ ጥያቄው ባይገባውም ዐይኑን ከእሷ አልነቀለም። እውነቱን መናገር ቀላል ይሆን ነበር፤ አገሯ መግባት ባትፈልግ ኖሮ። የምትናገረው ለእሱ ብላ ነው ወይስ ለራሷ?

«አንቺ ልጅ» አሉ ካይሪ ከበሩ። «ይሄ ሰው ወንድሜ ነው። እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ግን ዘንድሮ አንድ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

«ጠቁሯል» አለች ላጊ። «ዘጠኝ ቀኑ ነው። ምንም አይበላም። ዋሽቼዎት ነው፣ ሲስተር።»

ነርሷ ብድግ ስትል ለአባቷ ገባው።

«ምን አልሻት?»

«እውነቱን።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መንደርተኛው በምንጣፍ ተሸክሞ አወረደው። ኢፓ የላጊን ሁለት ቅያሪ ልብስና አንድ ብርድ ልብስ በቅርጫት አድርጋ አቀበለቻትና ያለወትሮዋ አንድም ስድብ ሳትሰድባት ቀረች። ካይሪ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዙ ብዙ ተናገሩ።

«ምን ይላል?» አለ አባቷ። ከቤት ከወጡ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«‹ከማን ጋር ላውራ?› ይላሉ።»

አባቷ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። ጀልባዋ ስትነሳ ነው የለቀቀው።

ወንዙ ጭቃማ ነበር፤ ሰማዩም እንደዚያው። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «አገርሽ መግባት ፈልገሽ ነው?» አላት።

«እሱም አለበት። ሁለቱ ተደባልቆብኛል፣ አባዬ። መለየት አቃተኝ።»

ዐይኑን ጨፈነ። «ዋሽተሽልኝ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ደስ እንደሚለኝ ማሰቤ ደግሞ አሳፈረኝ።»

ላጊ እግሩን በጉልበቷ ደገፈችለት። እንቅልፍ ሲያሸልበው ሲስተር ጌዋ ወደ ፊት ጠራቻት። ጭኗ ላይ ደብተር ዘርግታለች።

«ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ግን ሆስፒታል ወራት ይተኛል» አለች። «ቅዳሜ ከወደቡ ወደ አገራችሁ የሚሄድ መርከብ አለ። ስምሽን ልጻፍ? እናትሽ ጋ ትደርሻለሽ። እሱን እኛ እናስታምመዋለን።»

የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ የተሰማት መሰላት። «ሆስፒታሉ ውስጥ የእኛን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«የለም። በምልክት እንግባባለን፤ ለምደነዋል።»

ላጊ ዞር አለች። አባቷ ነቅቷል። በእጁ አንዴ ደረቱን፣ አንዴ የሚንገጫገጭ አፉን እየነካ ጀልባዋን ለሚነዳው ሞተረኛ አንድ ነገር ሊያስረዳ ይታገላል። ሞተረኛው ራሱን ነቀነቀና የውሃ ኮዳ ሰጠው። አባቷ ኮዳውን አየው፤ ሞተረኛውን አየው። ከዚያ ከነሕመሙ ፈገግ ብሎ ተቀበለ፤ ለሰውየው ብሎ ፉት አለለት። ያ ፈገግታ መረብ ሲጠግን የሚያሳየው ነበር።

የነርሷ እርሳስ ደብተሩ ላይ ይጠብቃል።

«አይጻፉኝ» አለች ላጊ።

ከቅርጫቱ ሥር ብርድ ልብሱን አውጥታ፣ የጀልባዋን ጠርዝ እየተደገፈች ወደ ኋላ ሄደች።

«በርዶት ነው» አለችው ሞተረኛውን፣ አባቷን እየሸፈነች። «አልጠማውም።»