አስራ አንደኛው ወንበር ተይዟል

ልጅ ሆኜ አጋርፋ ወፍጮ ቤት ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ...

"ይቺን ድንጋይ እዚህ ሰልፍ ላይ ማን አስቀመጣት?"

"ተራ የያዘ ሰው። አትንካት።"

"ሰውየው እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም!"

"ይመጣል። ለሌላ ሰው ይዞም ሊሆን ይችላል..."

የቀረውን ወፍጮው ዋጠው።

አሁን የምነግራችሁን ግን አልረሳሁትም። ወላሂ የሆነ ነው። ያላየሁትንና ያልሰማሁትን አልጨመርኩም።

መስከረም 2007 ዓ.ም፣ የአረፋ ዋዜማ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጎባ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ጠባብ የትኬት ቢሯችን።

ከሳኔቲ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

ወዚር እባላለሁ። የአንድ የአውቶቡስ ማህበር የትኬት ሲስተም እጠብቃለሁ። ሙያውን ያገኘሁት ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት እየለቃቀምኩ ነው። ሮቤ፣ ጎባና መና ያሉት መስኮቶቻችን በኢንተርኔት ገብተው ወንበሮቹ ሁሉ ከተመዘገቡበት ከአንድ ዳታቤዝ ይሸጣሉ። ዳታቤዙ ያለው እኔው ጠረጴዛ ስር ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ለሰው ወንበር ይይዛል። "ለአጎቴ ያዙልኝ፣ ከብድሬ እየመጣ ነው" ይላል። የተያዘን ወንበር መሸጥ ነውር ነው። ስለዚህ ለመያዣው የጊዜ ገደብ አላደረግንለትም። የያዘው ሰው እስኪጨርስ ወይም እስኪተወው ድረስ ዳታቤዙ ወንበሩን ቆልፎ ይጠብቃል።

በአዘቦት ቀን ምንም አይደል። በዋዜማ ግን...

"ኦቦ ወዚር!" ትኬት ቆራጯ ዙሀይራ ነች። "ቆመ። ስክሪኑ ላይ ክቧ መሽከርከር ብቻ ሆነ።"

ስልኬ ጮኸ። ሮቤም ቆሟል። መናም።

የዳታቤዙን ሆድ ከፍቼ አየሁ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተሰልፈዋል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ያም ሌላውን... አዲስ የሚገባበት ቀዳዳ አልተረፈም። የሰልፉን ጭራ ይዤ ወደ ፊት ተከተልኩት።

ከፊት አንድ ብቻ አለ።

ከጎባ ወደ መና። ወንበር አስራ አንድ። ተይዟል።

የያዘው መስኮት... ሪራ።

"ሪራ መስኮት ከፈትን እንዴ?" አልኳት።

ሳቀች። "ሪራ? ማር በትኬት ሊለውጡልን?"

ሪራ ከሳኔቲ ማዶ፣ በመና መንገድ ላይ፣ ጫካው ውስጥ ያለች በማር የታወቀች መንደር ናት። ቢሮ የለንም። ኮምፒውተር የለንም።

ግንኙነቱን ቆረጥኩት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ዙሀይራ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ሳትጨርስ እንደገና ቆመ።

ወንበር አስራ አንድ። ሪራ።

"ግትር ነገር ነው ባክህ" አለች። አሁን ግን አልሳቀችም።

ዳታቤዙን አጥፍቼ አስነሳሁት። ጠፍቶ ሲነሳ ያላለቀ ሥራ ሁሉ ይሰረዛል፤ ቁልፍ የሚባል አይተርፍም። ማንም እንዳይገባ የኔትወርኩን ገመድ ነቅዬ በእጄ ያዝኩ።

ገመዱ እጄ ላይ እያለ ስክሪኑን አየሁ...

ተይዟል። ሪራ።

ቢስሚላህ አልኩ።

ታናሽ እህቴ ጁሀራ በሩ ላይ ቆማለች። የስምንት ወር ልጇ መና ከተማ ታሞባታል። መድኃኒቱን ጎባ ገዝታ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራዋለች። በዓሉ እስኪያልፍ ወደ መና፣ ደጅ ከቆመው ሌላ አውቶቡስ የለም፤ ሌላው ወንበር ሁሉ ሞልቷል።

"ወንድሜ፣ አስራ አንድ ባዶ ነው እኮ። ገብቼ አየሁት።"

በወረቀት ትኬት ጽፌ አስቀመጥኳት።

ሊነሱ ሲሉ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

"ወንበሩ እርጥብ ነው።"

"ጉም ገብቶበት ነው።"

"አይ..." ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሙቅ ነው።"

ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ ክላክስ አድርገው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ዙሀይራ የጁሀራን ትኬት ሲስተሙ ላይ ለማስገባት ሞከረች።

አሁን ሁለት ሆኑ። የጁሀራ ትኬት ሪራን ይጠብቃል፤ ሪራም የጁሀራን ትኬት ይጠብቃል። እንዲህ ሲተናነቁ ዳታቤዙ ራሱ አንዱን መርጦ ይጥላል፣ ሌላው እንዲያልፍ።

የጁሀራን ጣለ።

ደወልኩ። አታነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ... ሳኔቲን ጨርሰው ቁልቁለቱን ሲይዙ አነሳች።

"ምነው ታንሾካሹኪያለሽ?"

"ይገፋኛል..."

"ማን?"

"እንጃ። አጠገቤ ያለችው ሴት ተኝታለች። ከስሬ ነው የሚገፋኝ... ተነሺልኝ እንደሚል ሰው።"

"ተነሺ! አሁኑኑ! ሄደሽ ስልኩን ለጋሽ ደምሴ ስጪልኝ።"

ኮቴዋ፣ የሞተሩ ጩኸት፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ።

"ምንድን ነው ወዚር? እየነዳሁ እኮ ነው።"

"ጋሽ ደምሴ፣ እህቴን አጠገብዎ ያስቀምጡልኝ። ሪራ ሲደርሱ ቆመው በሩን ይክፈቱ። አስራ አንድ ላይ የሚሳፈር አለ።"

"ማን አለህ?"

"ሲስተሙ።"

ሳቁ። "ሰው ሲያስቆመኝ ኖሯል፣ ኮምፒውተር ግን አስቁሞኝ አያውቅም! በዚህ ጉም ማንን ላሳፍርልህ? ጅብ?"

"ስለ እመቤቴ ማርያም!" አልኳቸው። እኔ እንዲህ ብዬ አልለምንም፤ እሳቸው ግን በእሷ ስም እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ።

ዝናብ መጥረጊያው ሲመላለስ ይሰማኛል።

"ወዚር..." ሳቁ ጠፍቷል። "ጁሀራ እዚህ አጠገቤ ናት።"

"አዎ።"

"በመስታወቱ እያየሁ ነው። ታዲያ የአስራ አንድ ስፖንጅ ለምን ጎደጎደ?"

ስልኩን አይዝጉት አልኳቸው።

ሪራ ላይ ቆሙ። በሩ ሲከፈት በስልኩ ሰማሁት። ከዛፎቹ ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

"ወረደ?" አልኩ።

"የለም..." አሉ በሹክሹክታ። "ተሳፈረ። መኪናው ዝቅ ሲል ተሰማኝ። አስራ አንድ ላይ የነበረው ግን አልወረደም።"

ዙሀይራ ክንዴን ጨበጠችኝ። ስክሪኑ ላይ ሰልፉ ተፈቷል። ሮቤ ይሸጣል፣ መና ይሸጣል። አስራ አንድ... ተሽጧል። ለካ ለሌላ ነበር የያዘው።

አስር ሰዓት ላይ ጁሀራ ደወለች። መና ገብታለች፤ ልጇ መድኃኒቱን ውጦ እቅፏ ውስጥ ያለቅሳል። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ።

ገና ቀና ሳልል ጋሽ ደምሴ ደወሉ።

"ሰው ሁሉ ወርዷል" አሉ። "ሁለቱ ግን አሁንም ተቀምጠዋል። በሩን ልቆልፍ ብዬ... እጄ እምቢ አለኝ።"

"አይቆልፉት። ክፍት ትተውላቸው ይሂዱ።"

"መኪናው እኮ የማህበሩ ነው! ቢሰረቅስ?"

"ጋሽ ደምሴ፣ ማን ደፍሮ ይገባል?"

እንደ አገሬው በኦሮምኛ እሺ አሉኝ።

"ቶሌ። ክፍት እተወዋለሁ።"

ስልኩን ሳይዘጉ መራመድ ጀመሩ። ኮቴያቸው ጠጠሩ ላይ ይርቃል... ይርቃል...

ከኋላቸው የአውቶቡሱ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።