የሳቢ የሞት ወረቀት

ሳቢ የቤቱን በር ዘግቶ ሲወጣ ውሻ እንኳ አልጮኸበትም፤ በመንደሩ የቀረ ውሻ አልነበረምና። ወረርሽኙ ሰዉን መጨረስ ከጀመረ፣ መብራቱም ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከራሱ ጋር ማውራት ሰልችቶታል። ልጁ ዛፊራ ለትምህርት ወደ ቆላው ከተማ እንደወረደች ቀርታለች። ትኑር ትሙት ሳያውቅ መሞትን ፈራ፤ ስለዚህ በስድሳ ሰባት ዓመቱ መንገድ ጀመረ።

የሮዶፒ ተራራ በሚያዝያም አይታመንም። በማግስቱ በረዶ አወረደበት። ገደል አፋፍ ላይ እግሩ ከዳው፤ የጥድ ሥር ጨብጦ ተንጠለጠለና በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ድሮ በዚሁ ተራራ ዛፊራን ትከሻው ላይ ጭኖ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ሁለት ጆሮዎቹን እንደ ልጓም ይዛ «ወደ ግራ!» ስትለው፣ ከበድሽኝ እያለ ያማርር ነበር። ሞኝ! ዛሬ ያን ሸክም ቢያገኝ ባሕር ድረስ በተሸከመው።

በሦስተኛው ቀን ልጆቿን ያስከተለች ድብ መንገድ ዘጋችበት።

«እመቤት፣ እኔም የልጅ ነገር ነው ያወጣኝ» አላት።

ድቧ አጓራች። ሳቢ ጀርባውን ሳይሰጣት ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሸለቆውን ሲዞር ግማሽ ቀን ፈጀበት።

አርዳ ወንዝ ሲደርስ ድልድዩ ላይ ቮይኖ የሚባል ዘራፊ መጥረቢያ ይዞ ጠበቀው።

«ጫማህን አውልቅ፣ ሽማግሌ!»

«በባዶ እግሬ ልጄን ልፈልግ?»

«ካገኘሃት ታጫማሃለቻ! ለመሆኑ የማን ቤት ሰው ነህ?»

«ሳቢ ነኝ። ከላይ፣ ከቦሪካ መንደር።»

ቮይኖ የድልድዩን ምሰሶ አየ፣ መልሶ ሳቢን አየ። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ በወረቀት ተጽፎ በየበሩና በየምሰሶው ይለጠፋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ዓለም ስታልቅ እንኳ ይህን ልማድ አልተውንም።

«አንተ እኮ ሞተሃል!» አለ ቮይኖ ወደ ኋላ እያለ። «ይኸው ተለጥፈሃል!»

ሳቢ ተጠጋና አነበበ። በከሰል የተጻፈ ነው፤ ገና ዝናብ አልነካውም። «አባቴ ሳቢ ካረፈ ስምንት ዓመት። ዜማ ሳይችል እያንጎራጎረልኝ ያሳደገኝ አባቴ። ልጁ ዛፊራ፣ ከታችኛው ወፍጮ።»

የገዛ ሞቱን አንብቦ እንደ እሱ የፈነደቀ የለም። «አለች!» ብሎ ጮኸ። «ዘንድሮ ነው የጻፈችው! አለች!»

«እሑድ ለጥፋ ስትሄድ ለነፍስህ ብላ ዳቦ ሰጥታኛለች» አለ ቮይኖ አንገቱን እያከከ። «በልቼ ነፍስ ይማር ያልኩለትን ሰው ጫማ አልገፍፍም። እለፍ፣ እለፍ!»

ሳቢ ሲደርስ ዛፊራ ወፍጮው ደጃፍ ላይ ዱቄት ትሰፍር ነበር። ቁናው ከእጇ ወደቀ። መጥታ በዱቄታም እጇ ፊቱን ዳሰሰችው።

«አባባ... ከቦሪካ የተረፈ የለም ብለውኝ ነበር።»

«ጽሕፈትሽ አምሯል። ድምፄን ማማትሽ ነው የከፋኝ።»

ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። እቅፉ ውስጥ ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«የኔንስ ወረቀት የት ለጠፍከው?»

«አልለጠፍኩም።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«ጎረቤቶቼ በሕይወት ሳሉ ለጥፍ፣ ለጥፍ ይሉኝ ነበር። ወረቀት የለኝም አልኳቸው።»

«ያ ሁሉ ደብተሬ እቤት እያለ?»

«አንድ ገጽ አልነካሁም» አላት።