የክፍል ድልድል

ሩሃማ ፖስታውን የቀደደችው በር ላይ እንደቆመች፣ ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ከውስጡ ተንሸራቶ ወጣ። ገጾቹን በችኮላ ገለጠች። ቪዛው አለ። ፎቶዋ፣ ስሟ፣ የመግቢያና የመውጫው ቀን፣ ሁሉም አለ።

«ተሰጠኝ!» ብላ ጮኸች።

የመለሰላት የለም። እናቷ ዌርሃውስ፣ አባቷ ኤርፖርት ሥራ ላይ ናቸው።

ይህን ዜና ከማንም በፊት መስማት ያለባት ኤልዳና ናት። ኤልዳና እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ነው የተወለደችው፤ ቤታቸውም ፎረስት ፓርክ ሰፈር ውስጥ ከነሩሃማ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሩሃማ ከወላጆቿ ጋር በዲቪ ስትመጣ፣ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ቀድማ ያናገረቻት እሷ ነበረች። «ሰው ጎድሎናል፣ ጀስት ነይ» ብላ ጎልፍ ቡድኑ ውስጥ የጎተተቻትም እሷው ናት። ያኔ ሩሃማ ዱላውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ጨዋታው ይዟታል።

በሰኔ የቡድኑ ዘጠኝ ሴቶች ለስምንት ቀን ስኮትላንድ ይሄዳሉ። ወጪውን የትምህርት ቤቱ የድሮ ተማሪዎች ሸፍነውላቸዋል። ሩሃማ ሜዳዎቹን በቪዲዮ አይታ አይታ ሸምድዳቸዋለች። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ጎልፍ ሲጫወቱባቸው የኖሩ፣ ዛፍ የሌላቸው፣ ባሕር ዳር የተዘረጉ ሜዳዎች ናቸው። ነፋሱ ኳስን እንደ ላባ ያንከራትታል፤ የአሸዋ ጉድጓዶቹ ደግሞ የሰው ቁመት ያህላሉ።

ለኤልዳና ልትጽፍላት ስልኳን ስታወጣ አሰልጣኟ አዲስ የሆቴል ክፍል ድልድል እንደላከች አየች። ባለፈው ሳምንት ሩሃማና ኤልዳና አንድ ክፍል ነበሩ። አሁን የኤልዳና ስም ከሌላ ልጅ ጎን ተጽፏል። ከሁሉም በታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ «ሩሃማ፣ ብቻዋን» ይላል።

«ክፍላችንን ቀየሩት እንዴ?» ብላ ለኤልዳና ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ፣ ኮች ናት። እኔም ገርሞኛል። ሶሪ ሩሂ።»

ሩሃማ ድልድሉን፣ ቡድኑ ሁሉ የሚጽፍበትን የኢንተርኔት ሰነድ፣ እንደገና ከፈተችው። በዳር በኩል፣ ማጥፋት የተረሳ ትንሽ ማስታወሻ ነበር። የጻፈችው ኤልዳና ናት። «ኮች፣ ከሩሃማ ጋር ባልሆን ደስ ይለኛል። እባክሽ እኔ እንደጠየቅኩ አትንገሪያት።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፓስፖርቱን የሹራብ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከሥር ከተተችው።

አባቷ ግርማቸው አመሻሽ ላይ ገባ። ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «ፖስታ መጣ?» አላት።

«አልመጣም።»

«ይመጣል፣ አይዞሽ። ሺፍቴን ቀይሬያለሁ። የምትሄጂ ቀን እዚያው ነኝ። ያንቺን ሻንጣ ሌላ ሰው አይጭነውም።» ፈገግ አለ። «ለመሆኑ እዚያ ነፋሱ እንደምትይው ነው? ወፍራም ሹራብ እንግዛልሽ?»

«ሹራብ አለኝ፣ አባዬ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከልክለውኛል ማለት ትችላለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ተከለከለ ቢባል ማን ይገረማል? ሁሉም «አይዞሽ» ይሏታል፤ ኤልዳናም ትገላገላለች። ስምንት ቀን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ፣ እዚሁ የራሷ ክፍል ይሻላታል።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ልምምድ ነበር። ኤልዳና አጠገቧ መጥታ ኳሷን አስቀመጠች።

«ቪዛሽስ? አልመጣም?»

ሩሃማ የተዘጋጀችበት መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለኮች የጻፍሽውን አላጠፋሽውም።»

የኤልዳና ፊት ቀላ። ዙሪያዋን ተመለከተች። «ልነግርሽ ነበር። አይ ስዌር።»

«መቼ?»

ኤልዳና ሣሩን በጫማዋ ጫፍ መፋቅ ጀመረች። «ሩሂ፣ ካንቺ ጋር ስሆን ሁሌ ያንቺን ነገር ነው የማስበው። ቀልዱ ገባት? ምግቡ ተስማማት? ደበራት ይሆን? ስለጠላሁሽ ወይ ስላስቸገርሽኝ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ብቻ... አላውቅም። እኔ ብቻ መሆን ፈለግኩ።»

ሩሃማ ንዴት ጠበቀች። አልመጣም። ትዝ ያላት የቡድኑ አውቶብስ ነው። ሴቶቹ ከኋላ ወንበር ሲያወሩ ሩሃማ የምታየው የኤልዳናን ፊት ነበር። ኤልዳና ሳትስቅ እሷ ስቃ አታውቅም።

«መዋሸት ግን አልነበረብሽም» አለች።

«አዎ። አልነበረብኝም።»

«ቪዛው መጥቷል። ትናንት።»

ኤልዳና ቀና አለች። ልታቅፋት እጇን ዘርግታ መለሰችው። «ኮንግራትስ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ኳሷን አንስታ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ሩሃማ አልተከተለቻትም።

ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ። ፓስፖርቱ መጥቷል። ቪዛውን ሰጥተውኛል።»

ከጀርባው የሞተር ጩኸት ይሰማል። «መሄድ አልፈለግሽም ነበር?» አላት።

«ትናንት አልፈለግኩም።»

«ዛሬስ?»

«እየሞከርኩ ነው።»

«እሺ» አለ። «ማታ ታጫውቺኛለሽ። ካልፈለግሽም ተይው።»

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኟ ወረቀት ይዛ ዞረች። የጉዞው የመጨረሻ ቀን ነፃ ነው፤ እያንዳንዷ ከማን ጋር መጫወት እንደምትፈልግ ትጻፍ። ወረቀቱ ሩሃማ ጋ ሲደርስ ሌሎቹ ስምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው ተጽፈዋል።

«ሦስተኛ አድርጌ ከአንዱ ቡድን ልጨምርሽ?» አለቻት አሰልጣኟ። «ከነኤልዳና ጋር?»

«እዚያ ሜዳ ብቻውን የሚመጣን ሰውስ እንዴት ያደርጉታል?»

«ያን ቀን ከተገኘው ሰው ጋር ያጫውቱታል። ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ የሰፈሩ ሰው ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ አይታወቅም። የዚያ አገር ሰዎች እንግሊዝኛም ይከብዳል፤ እኔ ራሴ ግማሹ አይገባኝም።»

ሩሃማ ወደ ሴቶቹ አየች። ኤልዳና በአንድ ነገር ከልቧ እየሳቀች ነበር። በምን እንደሆነ ከዚህ አይሰማም።

እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች። ጎኑ ያለውን ቦታ፣ ያን ቀን ለሚገኘው ሰው፣ ባዶ ትታ ወረቀቱን መለሰች።