ለካሜራ የተሰጠች ጊደር

«ቁረጡ! ቁረጡ!» አለ የሲፋን አባት እጁን እያወዛወዘ። ዳይሬክተሯ ትንቢት የተባለችው ሴት እንጂ እሱ አይደለም፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀረፅ ስለሰነበተ ቋንቋውን ለምዶታል። «ሞተር ሳይክሉ ድምፁን አበላሸው። አይደል ሲፉ?»

ሲፋን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ላይ ገለል አደረገች። ማይኩ የታሰረበትን ረጅም ዘንግ ይዛ ስለቆየች ክንዷ ዝሏል። እውነትም አንድ ሞተር ሳይክል በአቧራማው መንገድ እያጓራ አልፎ ነበር።

«ትንሽ ገብቷል» አለች።

«ይኸው! እንግዲያው ደግመን እንሠራዋለን።»

የሲፋን አባት ጃታኒ ዶዮ ከአራት ዓመት በፊት የወረዳው አስተዳዳሪ ነበር። በድርቁ ጊዜ ለከብቶች ተብሎ የመጣ ሁለት መኪና ድርቆሽ የገባበት ጠፋ፤ እሱም «ኃላፊነቱን ባለመወጣቱ» ተብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አሁን በግሉ ለምክር ቤት ይወዳደራል። ትንቢት ከአዲስ አበባ የመጣችው ከሥልጣን የወረደ ሰው ተመልሶ ለመነሳት ሲሞክር የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ነው። ድምፅ የሚቀዳላት ሰው መንገድ ላይ ወደራ ከተማ ታሞ ሲቀርባት፣ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ውስጥ የምትሠራው ሲፋን «እኔ እችላለሁ» አለቻት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በእርግጥም ትችላለች።

የዚያን ቀን ከነገሌ ከተማ ሊበን ገጠር ድረስ የወረዱት ለአባ ሁቃ ጊደር ለመስጠት ነበር። አባ ሁቃ በዚያ ድርቅ አሥራ አንድ ከብት አልቆባቸዋል። ጃታኒ ቀይ ጊደር አምጥቶ፣ ገመዷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው። ሽማግሌውም ተቀብለው መረቁት። ሁሉም ነገር አምሮ ነበር፤ ያ ሞተር ሳይክል ባያልፍ።

«አባ ሁቃ፣ ገመዱን አንዴ ይመልሱልኝና እንደገና ልስጥዎት» አለ ጃታኒ በኦሮምኛ።

አባ ሁቃ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ «የሰጠኸኝን ነው መልስ የምትለኝ?» አሉ።

«ለካሜራው እኮ ነው አባቴ። ደቂቃ አይፈጅም።»

«የሰጠኸውም ለካሜራው ነው?»

ጃታኒ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም። አባ ሁቃ የጊደሯን ጀርባ ቀስ ብለው ዳበሱ፤ ገመዱን በጃታኒ መዳፍ ውስጥ አኖሩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«መልሼልሃለሁ። ናጋ፣ በሰላም ዋል» አሉና በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ትንቢት ኦሮምኛ አትሰማም። ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል «ምን አሉ?» ብላ ሹክ አለች።

«መለስኩልህ አሉ።»

«አልቀበልም ማለታቸው ነው?»

«አዎ» አለች ሲፋን። አባቷ በሰው ፊት ሲያፍር አይታ አታውቅም፤ ከወንበሩ ሲወርድ እንኳ ቤቱን ዘግቶ ነበር ያፈረው።

ጃታኒ ጊደሯን እየሳበ ራቅ ብላ ወደምትገኝ ግራር ሄደ። የሚያስራት መስሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ኮሌታው ሥር የተሰካችውን ትንሽ ማይክ ግን ረስቷታል። ሲፋን ማዳመጫውን መልሳ ስትደፋ የጊደሯ ትንፋሽ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ የአባቷ ድምፅ።

«አባ ሁቃ፣ ሳሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

ሲፋን ቀና አለች። አጠገቡ ሰው የለም። ብቻውን ነው የሚያወራው።

«አባ ሁቃ፣ ሳሩን... የሸጥኩት እኔ ነኝ» አለ እንደገና፤ አሁን ዝግ ብሎ፣ ልክ እሷ ለፈተና ስትሸመድድ እንደምትለው። በሦስተኛው «ሳሩን» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማት የገመዱ መፋተግና የአፍንጫው መሳብ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ አንድ ከሰዓት ግቢያቸው በድርቆሽ እስር ተሞልቶ ነበር። እላዩ ላይ ወጥታ ስትዘል ዋለች። እናቷ ከፀጉሯ ላይ ገለባ እየለቀመች ተቆጣቻት። አባቷ ግን «ተዪያት፣ ትጫወት። ነገ ለአርቢዎች ይከፋፈላል» አለ። በማግስቱ መኪና መጥቶ ጫነው። ወሬው ከተማውን ሲያጥለቀልቀው፣ የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ጋሽ ፍስሐ ወረቀቱ ላይ ፊርማቸው ተገኝቷል ተብለው አንድ ዓመት ሲታሰሩ፣ ሲፋን ለራሷ «ሌላ ሳር ይሆናል» አለች። አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሳር ይሆናል እያለች ኖረች።

ጃታኒ ፊቱን ጠርጎ ተመለሰ።

«ለምን የመለሱት ይመስልዎታል?» አለችው ትንቢት ካሜራዋን እንደደገነች።

«ሰውዬው ተጎድተዋል፣ አልፈርድባቸውም። አንድ ግምጃ ቤት ጠባቂ በሠራው ጥፋት የስንቱ አርቢ ልብ ቆስሏል መሰለሽ» አለ አፉን ሞልቶ።

በዚያው ማዳመጫ፣ በዚያው ድምፅ።

ጊደሯን ከኋላ ጭነው ወደ ነገሌ ሲመለሱ ትንቢት ከፊት ወንበር ዞር ብላ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያንቺ ተራ ነው፤ ስለ አባትሽ እጠይቅሻለሁ። ስለዚያ ድርቅም» አለቻት።

ጃታኒ የልጁን ጉልበት መታ መታ አደረገ። «እሷማ ምን ታስታውሳለች? ልጅ ነበረች። አይደል ሲፉ? ልጅ ነበርኩ በያት።»

ትንቢት ያረፈችበት ሆቴል መብራት ጠፍቶ ስለነበር መቅረጫውን ለሲፋን ሰጠቻት። «ቤት ቻርጅ አድርገሽው እደሪ፤ የዛሬውን ነገ አብረን እናዳምጠዋለን» አለቻት።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በፍርድ ቤቱ በር ያልፋል። ጋሽ ፍስሐ ከእስር ከወጡ ወዲህ እዚያ ጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ልጃቸው ረሆቦት የሲፋን የክፍል ጓደኛ ናት፤ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለ ሳሩ አንድ ቀን እንኳ አውርተው አያውቁም።

«ኧረ ሳውንድ ማኗ መጣች! አሁንማ እኛን ማየት ቀረ» አለች ረሆቦት።

«ባክሽ ሙድ አትያዢብኝ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው።»

ጋሽ ፍስሐ ከወረቀታቸው ቀና ብለው «አካም ሲፋን? አባትሽ ደህና ነው?» አሏት። ይህን ሁልጊዜም ይጠይቃሉ፤ ዛሬ ግን ሲፋን ዓይናቸውን ሳታይ መለሰች።

«ደህና ነው። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ረሆቦት ትንሽ ሸኘቻት። ከአባቷ ጆሮ ሲርቁ ቆም አለች። «ሲፋን፣ ስለ አባዬ አነሳ እንዴ? እዚያ ፊልም ላይ።»

«ኧረ ምንም።»

«እውነት?»

«ምንም አላለም አልኩሽ እኮ።»

ረሆቦት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አምናት ይሁን ትታት ሲፋን አላወቀችም።

ቤት ስትደርስ ጃታኒ ሳሎን ተቀምጦ ንግግር ያዘጋጃል። የምርጫ ፖስተሩ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ፈገግ ካለው ፎቶው ሥር «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ይህን ተረት ፖስተሩ ላይ ማስጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጊደሯ ውጭ አጥሩ ላይ ታስራ ትጮኻለች።

ሲፋን መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ምንም ሳትል ማዳመጫውን አባቷ ጆሮ ላይ ደፋችና ቁልፉን ተጫነች።

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎት ፈገግ አለ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ሲጨርስ ማዳመጫውን አወለቀና በእጁ ይዞ ቀረ።

«ትንቢት ሰምታዋለች?»

«አልሰማችም። ነገ ነው የምትሰማው።»

«ይጠፋል?»

«ይጠፋል። ይቺ ናት ቁልፏ።»

ጃታኒ ቁልፏን አየ። «ሲፉ፣ የምታውቂው ነገር የለም። የዚያን ጊዜ ዕዳ ነበረብኝ፣ ሰዎች ይዘውኝ ነበር...»

«ሳሩ ላይ ስዘል ነበር አባ። እናቴ ከፀጉሬ ገለባ ለቅማለች።»

ሲፋን እንባዋ ቢመጣም መናገሯን አላቆመችም።

«ይሄ ያንተ ድምፅ ነው። እኔ አላጠፋውም፣ ከጀርባህ ዞሬም አልሰጣትም። ብታጠፋው የምታጠፋው አንተ ነህ። ግን ነገ ስትጠይቀኝ ልጅ ነበርኩ ብዬ አላልፍም። ያየሁትን ነው የምነግራት።»

«በገዛ አባትሽ ላይ?»

«ጋሽ ፍስሐ እኮ ዛሬም አባትሽ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች። መቅረጫውን እዚያው ትታለት ገባች። እንደምትወደው ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ከየት አምጥታ ትበለው?

ጠዋት ስትነሳ ሳሎኑ ባዶ ነው። መቅረጫው ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ተቀምጧል፤ የማዳመጫው ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ማዳመጫውን ደፍታ ከፈተችው። የጊደሯ ትንፋሽ አለ። የአባቷም ድምፅ አለ።

ወደ ግቢው ወጣች። መኪናው ቆሟል። የአባቷ ጫማ በሩ ላይ የለም፣ ጊደሯም አጥሩ ላይ የለችም። ወደ ሊበን ይዟት ሄዶ ይሁን ወደ ገበያ፣ ሲፋን ማወቂያ አልነበራትም። ሊበን እንዲሆን ለመነች። ግን ቆማ አልጠበቀችም።

ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ወደ ሆቴሉ በሚወስደው መንገድ ሳይሆን ወደ ፍርድ ቤቱ በር አቀናች። ጋሽ ፍስሐ ጥላቸውን እየዘረጉ ነበር። ረሆቦት ወንበሮቹን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

«ምነው በጠዋቱ? ዛሬ ቀረፃ የለሽም እንዴ?» አለች ረሆቦት።

«አለኝ። ትናንት ግን ዋሽቼሻለሁ» አለች ሲፋን። «ካሜራው ከመስማቱ በፊት አንቺ እንድትሰሚው ነው የመጣሁት። ጋሽ ፍስሐም።»

ረሆቦት ወንበሮቹን መሬት ላይ አኖረቻቸው። አባቷ የጥላውን እጀታ እንደያዙ ቆሙ።

«ስለ ሳሩ ነው» አለች ሲፋን።